የኬንያ ተራራን በገመድ መውጣት፦ ስለ ኔሊዮንና ባቲያን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመሪ ጋር ዐለቱን ለመውጣት ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን ነው።

የኬንያ ተራራ በእግር ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ገመዱ ለምን አስፈለገ?

በእግር የሚወጣው ሌናና ነው፤ ከፍታው 4,985 ሜትር። ከእሱ የሚበልጡት ሁለት ጫፎች ግን ባቲያን (5,199 ሜትር) እና ኔሊዮን (5,188 ሜትር) ናቸው። ሁለቱም በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ በርዶ የጠጠረ፣ ዙሪያው ሲሸረሸር ብቻውን የቀረ ዐለት ናቸው። በየትኛውም ጎን ቢዞሩ ያለ ገመድ በሰላም የሚወጣበት መንገድ የላቸውም። ባቲያንን መጀመሪያ የወጣው ሃልፎርድ ማኪንደር በ1899 ከሁለት የአልፕስ መሪዎች ጋር ሲሆን፣ ኔሊዮንን ደግሞ ኤሪክ ሺፕተንና ፐርሲ ዊን ሃሪስ በ1929 ወጡት።

መሪ ቀጥረው ከሚሄዱት አብዛኞቹ የሚወጡት ኔሊዮንን ነው። ከባቲያን የሚያንሰው በ11 ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ወደ ታች ተመልሰንበታል።

ጥሩው ወር የትኛው ነው?

ተራራው የምድር ወገብ ላይ ስለተቀመጠ ፀሐይ ግማሹን ዓመት በደቡብ፣ ግማሹን በሰሜን ፊቱ ታልፋለች። ኔሊዮን የሚወጣበት ደቡብ ምሥራቅ ፊት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ደረቅ ይሆናል። በዚያ ወቅት ሰሜኑ ፊት በረዶና ውርጭ የያዘ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ባቲያን በሰሜን ፊት ይወጣል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ፣ በጥቅምትና በኅዳር ትንሹ ዝናብ ስለሆነ ሁለቱም ፊት አይመከርም።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው በገናና በጥምቀት መካከል ያለው ጊዜ ለኔሊዮን ይመቻል። ወቅቱ የሌላውም ሰው ወቅት ስለሆነ መሪዎች ቀድመው ይያዛሉ።

ለመግባት ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ግን ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ይሙላ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዝ። የፓርኩ ክፍያ የሚከፈለው በኢንተርኔት ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሟገት አያዋጣም። ናይሮቢ የሚኖር ሰው የነዋሪነት መታወቂያውን ቢይዝ የሚከፍለው ያንስለታል።

አቡነ የማታ ጉሕን ወጥቻለሁ። ይኼ አይበቃም?

አንድ ትልቅ ነገር አሳይቶዎታል፦ እግርዎ ሥር ገደል ሲከፈት ሰውነትዎ ምን እንደሚያደርግ። በገርዓልታ ባዶ እግርዎን ያንን ግድግዳ ወጥተው፣ በጠባቡ ጠርዝ ላይ ሳይንቀጠቀጡ ካለፉ የከፍታ ፍርሃት ኔሊዮን ላይ አያሸንፍዎትም። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣም ወንድ እንዲሁ።

የሚጎድለው ሌላው ነገር ነው። እዚያ ከባዱ ክፍል በደቂቃዎች ያልቃል፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰውም እግርዎን ይዞ ያስቀምጥልዎታል። ኔሊዮን ላይ ግን ዐለቱ ከ15 እስከ 20 የገመድ ርዝመት ነው (ተራራ ወጪዎቹ እያንዳንዱን «ፒች» ይሉታል)። በእያንዳንዱ ፒች መሪው ቀድሞ ይወጣል፣ እርስዎ ገመዱን ይይዙለታል፤ ከዚያ እርስዎ ይወጣሉ፣ እሱ በየስንጥቁ ያስቀመጠውን ብረት እየነቀሉ ይዘውለት ይሄዳሉ። ይህን አየሩ ግማሽ በሆነበት ቦታ ከ10 ሰዓት በላይ መደጋገም ነው።

ታዲያ ምን ያህል መቻል አለብኝ?

የመደበኛው መንገድ ከባድ ፒቾች በአውሮፓው ሚዛን አራተኛ ደረጃ ተደማሪ (IV+) ናቸው። በቤት ውስጥ መውጫ ግድግዳ ለለመደ ሰው በፈረንሳይ ሚዛን 4 መጨረሻ ወይም 5 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይታለላል። ከላይ በታሰረ ገመድ 6ሀን ሳይንጠለጠሉ የሚወጡ ከሆነ የክንድዎ ጉልበት ይበቃል። ቦርሳ፣ ብርድና የትንፋሽ ማጠር ሲጨመሩበት ያ ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ክንድ ደክሞበት የሚመለስ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚመለሰው ሰዓት አልቆበት ነው። በእያንዳንዱ ማሰሪያ (በፒቾች መካከል ራስዎን ዐለቱ ላይ የሚያስሩበት ቦታ) ላይ ገመድ ሲያፈቱ፣ ጓንት ሲፈልጉ፣ የተጣበቀ ብረት ሲታገሉ 10 ደቂቃ ቢባክን፣ በ16 ፒች 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደመና ውስጥ በመውረድና ሳይጨልም ጎጆ በመድረስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ሳይሆን ጨፍነው መሥራት አለብዎት፦ ስምንት ቁጥር ቋጠሮ አስሮ መፈተሽ፣ ክሎቭ ሂች (ራስን ማሰሪያው ላይ የሚያስሩበት ቋጠሮ) በአንድ እጅ ካራባይነር (የሚከፈት የብረት ቀለበት) ላይ መጣል፣ ፕሩሲክ (ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ሲሳብ የሚይዝ ቀጭን ክር) ማሰር፣ ገመድ መያዣውን (ገመዱ አልፎበት የሚገታበትን ብረት) ሳይወድቅ አውጥቶ መመለስ። ማታ መብራት አጥፍተው ወጥ ቤት ውስጥ በጓንት ይሞክሩት።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከፍታው ምን ያደርገኛል?

2,300 ሜትር ላይ መኖር መጀመሪያውን ያቀልልዎታል፤ ሌሎች በ3,000 ሜትር ራሳቸውን ሲይዙ እርስዎ እራትዎን ይበላሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ግን አዲስ አበባ የሰጠችዎት ብልጫ እያለቀ ይሄዳል። የከፋው፣ ይኼ ብልጫ ሰውን ያፈጥናል፦ «እኔ የደጋ ሰው ነኝ» ብሎ የማረፊያውን ቀን የሚሰርዝ ሰው ነው 4,790 ሜትር ላይ ሲያስመልሰው የሚያድረው። ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣ ደግሞ ከባሕር ጠለል ነው የሚነሣው፤ ለእሱ ከታች የተጻፈው ዕቅድ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይጨመር።

ቀደም ብሎ ራስ ዳሸን ወይም የባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ጥቂት ሌሊቶች ማሳለፍ ይጠቅማል። ጥቅሙ የሚቆየው ግን ጉዞው ከሳምንት ሁለት ሳምንት ካልራቀ ነው። ጥቅምት ላይ ስሜን ሄዶ ጥር ላይ ኬንያ መሄድ ለእግር ልምምድ እንጂ ደምን ከፍታ ለማልመድ አይቆጠርም።

በጠቅላላው ስንት ቀን ይፈጃል?

ከናይሮቢ ተነሥቶ እስኪመለሱ ከስድስት ያላነሰ ቀን ይመድቡ፤ ሰባት ቢሆን ይሻላል። ደህና የሚሠራው አካሄድ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ቀን በናኑኪ በኩል ወደ ሲሪሞን በር (2,650 ሜትር) ደርሶ በእግር ኦልድ ሞዝስ (3,300 ሜትር) ማደር። ሁለተኛ ቀን ሺፕተን ካምፕ (4,200 ሜትር)። ሦስተኛ ቀን እዚያው ማረፍ፤ ማረፍ ማለት ግን መተኛት አይደለም፤ 300 ወይም 400 ሜትር ወጥቶ መመለስ ነው። አራተኛ ቀን በሌናና በኩል ወደ ኦስትሪያን ሃት ጎጆ (4,790 ሜትር)። አምስተኛ ቀን ኔሊዮን። ስድስተኛ ቀን በናሮ ሞሩ በኩል መውረድ።

ሰባተኛው ቀን የአየር ጠባይ መጠባበቂያ ነው። ብዙዎች ከዋጋው ላይ ቀንሰው የሚያወጡት እሱን ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ የሚጸጸቱበትም እሱ ነው።

ዲያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ ክኒን) ልውሰድ?

ከሐኪም ጋር ይወስኑ። ለመከላከያ በተለምዶ የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ ለስላሳ መጠጥ ጋዙ የጠፋበት ያስመስላል፤ እነዚህ አያስደነግጡ። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይውሰድ። ቤትዎ ሆነው አንድ ሁለት ቀን ይሞክሩት፤ አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ የሚቀመሰው 3,000 ሜትር ላይ አይደለም።

ክኒኑ መውረድን አይተካም። ቁጭ ብሎም የሚያለከልክ፣ የሚያስል፣ አረፋ የሚያወጣ ሰው ሳንባው ውኃ እየያዘ ነው። ተረከዝን ከጣት እያስነኩ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው፣ የሚያወራው የተምታታበት ሰው ደግሞ አንጎሉ እያበጠ ነው። ሁለቱም ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳሉ፤ «እስኪነጋ እንየው» የሚባል ነገር የለም።

ምን ዕቃ ልያዝ? ምኑን መሪው ያመጣል?

ገመዱን፣ ናቱንና ካሙን (ስንጥቅ ውስጥ የሚቀመጡትን ብረቶች)፣ ረጃጅሙንም ስሊንግ (ለማሰሪያ የሚሆን የጨርቅ ቀለበት) መሪው ያመጣል። የእርስዎ ይኼ ነው፦ ሄልሜት፣ በወፍራም ልብስ ላይ የሚታጠቅ ሃርነስ (የወገብና የጭን ቀበቶ)፣ መቆለፊያ ያላቸው አራት ካራባይነሮች፣ የገመድ መያዣ፣ አንድ የ120 ሳንቲ ሜትርና አንድ የ60 ሳንቲ ሜትር ስሊንግ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ክር ለፕሩሲክ፣ ናት መንቀያ፣ የግንባር መብራት ከትርፍ ባትሪ ጋር። ሄልሜት ከመሪው መከራየት ይቻላል፤ ከመውጣትዎ በፊት ግን ውስጡን ገልብጠው ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ።

ጫማ ላይ ሰው ይሳሳታል። የመውጫ ጫማው ቤት ውስጥ እንደሚደረገው ጣት የሚያጣጥፍ መሆን የለበትም፤ በስስ ካልሲ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም፣ ሶሉ ደንደን ያለ ይሁን። ከኦስትሪያን ሃት እስከ ዐለቱ ሥር የሉዊስ በረዶ ግግር ቅሪት አለ። በየዓመቱ እየሟሸሸ ስለሆነ መሻገሪያው ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ ንጹሕ በረዶ ነው፣ አንዳንዴ ጠጠር የተነሰነሰበት። ለእሱ ወፍራም ጫማና ከሥሩ የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ዐለቱ ሥር ተትተው ሲመለሱ ይነሣሉ።

የቀኑ ቦርሳ ከነውኃው ከ6 ኪሎ አይብለጥ። ሁለት ሊትር ውኃ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ላባ ያለው ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንዱ ጣት የሚያንቀሳቅስ ስስ። ካሜራውን አንገት ላይ አያንጠልጥሉ፤ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲገቡ ደረትና ዐለት መካከል ይቀረቀራል።

ምን ልብላ? ጾም ላይ ከሆንኩስ?

ጾሙና ወቅቱ በእርግጥም ይጋጫሉ፦ የነቢያት ጾም በታኅሣሥ፣ ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ በየካቲት፣ ፍልሰታ ደግሞ በሰሜኑ ፊት ወቅት ነሐሴ ላይ ይውላል። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም በሶ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በብርድ ውኃ ይበጠበጣል፣ ማገዶ አይፈልግም፣ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ሆነው ማሰሪያ ላይ በሚቆሙበት በእያንዳንዷ ደቂቃ ይቆረጠማሉ፤ ቴምርና ኦቾሎኒ ይጨመሩ። ለመሪውና ለወጥ ሠሪው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበሉ ቀድመው በጽሑፍ ይንገሩ፤ «ቬጂቴሪያን ነኝ» ካሉ እንቁላል ጠብሰው ይጠብቁዎታል።

የማይሆነው እስከ 9 ሰዓት ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት ነው። ያለ ውኃ በ5,000 ሜትር ዐለት መውጣት እጅ ያደነዝዛል፣ ውሳኔ ያበላሻል፤ የሚያበላሸው ደግሞ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለውንም ሰው ቀን ነው። የንስሐ አባትዎን ቀድመው ያማክሩ። ረመዳን ላይም መልሱ ያው ነው፤ ወይ ቀኑ ይለወጥ ወይ በመንገደኛነት ፈቃዱን ይጠቀሙበት።

መሪውን በምን ልምረጥ?

የፓርኩ የመሪነት ፈቃድ ሌናናን በእግር ለማሳየት ይበቃል፤ በገመድ መምራት ግን ሌላ ሙያ ነው። አንድ ድርጅት «ሁሉንም እናደርጋለን» ካለ፣ የሚወጣው ሰው ራሱ ማን እንደሆነ ይጠይቁና ከእሱ ጋር በስልክ ይነጋገሩ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ኔሊዮንን በዚህ ወቅት መሪ ሆነህ ወጥተሃል? ከአንተ ጋር ስንት ሰው ይታሰራል? ገመዱ ዕድሜው ስንት ነው? አንዱ ደንበኛ ቢታመም ማን ያወርደዋል? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትመለሰው?

ለአንድ መሪ ሁለት ደንበኛ ጣሪያው ነው፤ አንድ ለአንድ ቢሆን ፍጥነቱ ሌላ ነው። ሦስት ሰው በአንድ መሪ የሚል ዋጋ ርካሽ የሆነው በሰዓትዎ ተከፍሎበት ነው። ጥሩ መሪ እርስዎንም ይጠይቃል፤ ምን እንደወጡ ሳይጠይቅ ቅድመ ክፍያ ብቻ የሚጠይቅን ይለፉት።

የመውጫው ቀን እንዴት ይውላል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል መነሣት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከጎጆ መውጣት፣ 12 ሰዓት ሲነጋ ዐለቱ ሥር መታጠቅ። የምድር ወገብ ላይ ቀኑም ሌሊቱም በዓመቱ ሁሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የበጋ ረጅም ቀን የሚባል ዕድል የለም። መውጣቱ ከ5 እስከ 8 ሰዓት፣ መውረዱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ሲደመር ቀኑ እንዴት ጠባብ እንደሆነ ያዩታል። ደመናው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይመጣል፤ 7 ሰዓት ላይ ጫፉ ካልተደረሰ መመለስ የተለመደ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኬንያውያን በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን እንደ ፈረንጁ። መሪው በእንግሊዝኛ «ፋይቭ» ካለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ በስዋሂሊ «ታኖ» ካለ ግን 5 ሰዓት ነው። የመነሻውን ሰዓት «ከመንጋቱ ስንት ሰዓት በፊት?» ብለው ያረጋግጡ።

ነፋስ ሲነሣ ድምፅ ስለማይሰማ የገመድ ምልክት ቀድመው ይስማሙ። ሌላ ቡድን አጠገብ ካለ ትእዛዙ ሁሉ ከስም ጋር ይጠራ፤ የሌላ ሰው መሪ «ሴፍ» (ታስሬያለሁ) ሲል ሰምተው የራስዎን መሪ ከገመድ መያዣ የፈቱ ዕለት ጥፋት ነው።

መውረዱ ለምን ይፈራል?

ሲወጡ ገመዱ ለመውደቅ መድን ነው፤ በገመድ ሲወርዱ ግን ሕይወትዎ በሙሉ እሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ድካሙም፣ ደመናውም፣ «አበቃ» የሚለው ስሜትም የሚመጡት ያን ጊዜ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት ይያዙት። መጀመሪያ በረጅሙ ስሊንግ ራስዎን ማሰሪያው ላይ ይቆልፉ። መያዣውን በ60 ሳንቲ ሜትሩ ስሊንግ ከሃርነስዎ አርቀው ያስገቡና ሁለቱም የገመድ ክሮች በካራባይነሩ ውስጥ ማለፋቸውን በጣት ይንኩ፤ አንዱን ክር ብቻ መቆለፍ የሚገድል ስሕተት ነው። ከመያዣው በታች ፕሩሲኩን ጠምጥመው ከሃርነሱ ጋር ያያይዙ፤ እጅዎ ቢለቅ የሚይዝዎ እሱ ነው። ከዚያ ገና እንደታሰሩ ክብደትዎን ገመዱ ላይ ያሳርፉ። ሁሉም ሲይዝ ካዩ በኋላ ብቻ ስሊንጉን ይፍቱ። የገመዱ ሁለት ጫፎች ተቋጥረው መጣላቸውን መሪውን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ንቀት አይደለም።

ሁለት ገመድ ተቀጥሎ ከሆነ ቋጠሮው በየትኛው ቀለም በኩል እንዳለ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ የሚሳበው ያ ነው። በተቃራኒው ከተሳበ ቋጠሮው ማሰሪያው ላይ ይጋጭና ይቀራል። ከመጨረሻው ሰው መውረድ በፊት ከታች ሆኖ ጥቂት ስቦ መሞከር ሰዓት ያተርፋል። ገመድ ሲሳብ ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ በቀጥታ ሥሩ አይቁሙ፣ ሽቅብም አይመልከቱ።

እዚያ ድረስ ከሄድኩ ባቲያንንም ብጨምርስ?

በሁለቱ ጫፎች መካከል «የጭጋግ በር» የሚባል ኮርቻ አለ። ወደዚያ በገመድ ይወረዳል፣ ከዚያ ወደ ባቲያን ይወጣል፣ ሲመለሱ ደግሞ ኔሊዮንን እንደገና ይወጣሉ። በረዶው እየቀለጠ ስለሆነ ቀድሞ በረዶ የያዘው ድንጋይ ዛሬ ልል ነው። በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱ ፈጣኖች ናቸው፤ ሌላው ሰው ጫፉ ላይ ያድራል። ኔሊዮን አናት ላይ በ1970 ኢያን ሃወል የሠራው ትንሽ የብረት መጠለያ አለ፤ ቆመው አይገቡበትም፣ ግን ከነፋስ ያድናል። ለዚያ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃና ሌላ ቀን ውኃ መሸከም ይጠይቃል፤ የ6 ኪሎው ቦርሳ 10 ይሆናል።

ባቲያን ብቻ ከሆነ ምኞትዎ፣ በክረምታችን ወራት በሰሜን ፊት መሄድ ይሻላል። መንገዱ ከኔሊዮኑ ረዘም ይላል፣ የሚነሣውም ከሺፕተን ካምፕ በኩል ነው።

ጉዳት ቢደርስ ማን ያወርደኛል?

በመጀመሪያ ደረጃ መሪዎና ጎጆው ላይ ያሉ ሰዎች፣ ቀጥሎ የፓርኩ ነፍስ አድን ቡድን። ሄሊኮፕተር አየሩ ከፈቀደ ከታች ካምፖች ያነሣል፤ ዐለቱ መሐል ላለ ሰው ግን ተስፋ አይደረግበትም። በ1970 ባቲያን አጠገብ እግሩ የተሰበረ ኦስትሪያዊ ሐኪም ከሳምንት በላይ እዚያው ቆይቶ፣ ከኢንስብሩክ ድረስ የመጣ ቡድን ነው ያወረደው። ዛሬ ስልክም ሬዲዮም አለ፣ ዐለቱ ግን አልተለወጠም።

የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ ሁለት ነገር ያንብቡ፦ የከፍታ ጣሪያው ከ5,200 ሜትር በታች እንዳይሆንና «በገመድ ተራራ መውጣት» ከሽፋኑ ውጪ እንዳይደረግ። ብዙዎቹ ርካሽ ውሎች ሁለቱንም ይከለክላሉ። የውሉን ቁጥርና የአደጋ ጊዜ ስልኩን ለመሪው በወረቀት ይስጡት፤ የእርስዎ ስልክ የተሰበረ ዕለት ነው የሚፈለገው።

መሪው ከመሐል «እንመለስ» ቢልና እኔ ብርቱ ከሆንኩስ?

ይመለሳሉ። ክፍያው ለቀኑ እንጂ ለጫፉ ስላልሆነ ገንዘብ አይመለስም፤ ይህን በውሉ ላይ ቀድመው ይፈልጉት። ክርክር ካለ ከጎጆው ሳይወጡ ማታውኑ ይጨረስ፦ በስንት ሰዓት የት ካልደረስን እንመለሳለን? የዐለቱን አጋማሽ በስንት? ጫፉን በስንት? ሁለታችሁም በተስማማችሁበት ሰዓት ላይ መመለስ ጠብ የለውም። መጠባበቂያውን ሰባተኛ ቀን ይዘው ከሆነና መሪውም አየሩም ከፈቀዱ፣ በማግስቱ ሊሞክሩ ይችላሉ፤ ዐለቱን ግማሽ ስላወቁት በሁለተኛው ቀን ማሰሪያዎቹ ላይ የሚባክነው ሰዓት በጣም ያንሳል።